ስሙ የዮርክሸር፣ ዘሩ የአፍሪካ

በሊድስ በኢትዮጵያውያን የአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ልጆቻችን ስም እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሥራዬን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የአካባቢ ታሪክ ክፍል ነው የምሠራው። የአያት የቅድመ አያታቸውን ስም ፍለጋ ለሚመጡ ሰዎች መዝገብ አወጣለሁ፤ ለማንበብ የሚያስቸግር አሮጌ የእጅ ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከእኛ ስም አልጀምርም። ከአንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ነው የምጀምረው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ እጠራለሁ።

ስሙ የዚሁ የምንኖርበት የዮርክሸር ነው፤ የምሥራቁ ክፍል። እንደ ስሚዝና እንደ ጆንስ በየመንገዱ የሚሰማ ስም አይደለም። ብርቅ ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ቱሪ ኪንግ፣ ማርክ ጆብሊንግና ባልደረቦቻቸው፣ በ2007 በዚህ ስም ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ ላይ ስሙን አልጻፉትም። የሰዎች የግል ጉዳይ ነውና እኔም አልጠራውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዋይ ክሮሞሶም የሚባለው፣ ወንድን ወንድ የሚያደርገው የዘር ቅንጣትም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወርደው። እንግዲህ አንድ ብርቅ ስም ከአንድ ሰው ከተነሣ፣ ዛሬ ስሙን የያዙ ወንዶች የዚያን ሰው ዋይ ክሮሞሶም ይዘው መገኘት አለባቸው። እነ ቱሪ ኪንግ የሚያጠኑት ይህን ዝምድና ነው።

ናሙና ከሰጡት ወንዶች አንዱ ይህን የዮርክሸር ስም የያዘ ሰው ነበር። እንግሊዛዊ የእንግሊዛዊ ልጅ። ውጤቱ ሲመጣ ዋይ ክሮሞሶሙ ኤ ዋን ከሚባለው ምድብ ሆኖ ተገኘ። ምድብ ኤ የአፍሪካ ነው። በሰው ልጅ የአባት ሐረግ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከግንዱ ሥር የሚገነጠለው ቅርንጫፍ እሱ ነው። ከአፍሪካ ናሙናዎች ጋር ሲያመሳክሩት ወደ ምዕራብ አፍሪካ አመለከተ። ከዚያ በፊት በብሪታንያም ሆነ በሌላው ምዕራብ አውሮፓ እንዲህ ያለ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም።

ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ አልቆሙም። ያንኑ ስም የያዙ ሌሎች ወንዶችን ፈለጉ። ከ18ቱ በ7ቱ ላይ ይኸው የአፍሪካ ምልክት ተገኘ። ከዚያ ወደ መዝገብ ሄዱ። የእነዚህ ሰዎች ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሁለት የዘር ሐረግ ወጣ። የእያንዳንዱ ሐረግ አባት በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ዮርክሸር ውስጥ ይኖር ነበር። የዲኤንኤው ስሌት ደግሞ ሁለቱ ሐረጎች ከዚያ ጥቂት ትውልድ ከፍ ብለው አንድ እንደሚሆኑ አሳየ።

እስቲ ይህን ነገር አስቡት። የ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ምን ጊዜ ነው? የባሪያ ንግድ የደራበት ጊዜ ነው። ግንቦት 12 ቀን 1789 ዊልያም ዊልበርፎርስ በፓርላማ ተነሥቶ የባሪያ ንግድ ይቁም ብሎ የመጀመሪያውን ትልቅ ንግግር አደረገ። ዊልበርፎርስ የት ተወለደ? ሀል ውስጥ፣ እዚሁ ምሥራቅ ዮርክሸር። በዚያን ጊዜ የየትኛው አውራጃ እንደራሴ ነበር? የዮርክሸር። ሰውየው ለንደን ላይ አፍሪካዊም ሰው ነው እያለ ሲሟገት፣ የአፍሪካዊ ዘር ያላቸው ሰዎች እሱ በሚወክለው አውራጃ ውስጥ በዮርክሸር ስም እየተጠሩ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ማንም አላወቀም። እነሱም ራሳቸው ምናልባት አላወቁም።

የመጀመሪያው አፍሪካዊ እዚህ የደረሰበትን ቀን የሚናገር መዝገብ የለም። በባርነት የመጣ ሊሆን ይችላል። መርከበኛ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በጣም ይቀድም ይሆናል። በሮማውያን ዘመን፣ በ3ኛው መቶ ዘመን፣ ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ በሠሩት በሃድሪያን ግንብ ጫፍ ላይ ከሰሜን አፍሪካ በመጡ ሰዎች ስም የሚጠራ የጦር ክፍል ሰፍሮ ነበር። ሊብያ ውስጥ የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ በ211 የሞተው የት ነው? ዮርክ ከተማ። ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

አሁን አንድ ሰው ይጠይቀኛል። ሰባቱ የአፍሪካዊው ሰው ልጆች ከሆኑ፣ የቀሩት 11 የማን ናቸው? ጥሩ ጥያቄ ነው። ስምና ደም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የእንጀራ አባቱን ስም የሚወስድ ልጅ አለ። በጉዲፈቻ የሚያድግ አለ። ያንኑ ስም ሌላ ቦታ ከሌላ ሰው የጀመረ ቤተሰብም ይኖራል። በ2000 ብራያን ሳይክስ የሚባል የኦክስፎርድ የዘር ተመራማሪ የራሱን የቤተሰብ ስም አጥንቶ ነበር። ሳይክስ የሃደርስፊልድ አካባቢ ስም ነው። 48 ወንዶች ተመረመሩ። ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ሆኑ። አተንቦሮ የሚባለውን የኖቲንግሃም ስም እነ ኪንግ ሲያጠኑት ከ100 ከ70 በላይ የሚሆኑት ተመሳሰሉ። በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ግን በጣም ጥሩው ውጤት እንኳን 100 አይሞላም።

ይህን በሥራዬ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ጨዋ ሰው። የእሳቸውም ስም ብርቅ የዮርክሸር ስም ነው። ከመቀመጣቸው በፊት፣ ኮታቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ «እኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚህ ነን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ፍለጋውን ጀመርን። የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ አወጣን፤ ቤተሰቡ አለ። የ1841ን አወጣን፤ አለ። ከ1837 በፊት የመንግሥት የልደት ምዝገባ ስላልነበረ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ዞርን። እነዚህ መዝገቦች በ1538 በንጉሡ ሚኒስትር በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ የተጀመሩ ናቸው። ሽማግሌው በየሳምንቱ እየመጡ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ አብረን አነበብን። ሰው የአያቱን ስም በእጅ ጽሑፍ ሲያገኘው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዩ!

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ደረስን። የሕፃኑ ስም ተጽፏል። የእናቱ ስም ተጽፏል። የአባቱ ቦታ ባዶ ነው። የቤተሰብ ስም ብለው ሽማግሌው የያዙት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚህ ነን ያሉበት ስም፣ የዚያች የልጅቷ ስም ነው። ሳታገባ የወለደች፣ ምናልባት የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረች ልጅ። ስሙ በእሷ በኩል ነው የተሻገረው። የአባትየው ዘር ከየት እንደሆነ ያ መዝገብ አይናገርም።

ሽማግሌው ተቆጡ። ጸሐፊው ተሳስቷል አሉ። ሌላ ቅጂ አስወጡኝ። እሱም ያንኑ አለ። ከዚያ ቀና ብለው ደረቴ ላይ ያለውን የስም ባጅ አዩ። «ያንቺስ ስም ምንድን ነው? ይሄ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የአባትሽ መጠሪያ ነው። እናንተ ሰርኔም የላችሁም» አሉኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ ሰው አለ? ትምህርት ቤት ልጅ ስናስመዘግብ ሰምተናታል። ሆስፒታል ሰምተናታል። ቤት ስንከራይ ሰምተናታል። ባልና ሚስት ሁለት ስም፣ ልጅ ሦስተኛ ስም ይዘን ስንቀርብ፣ አንድ ጉድለት እንዳለብን ተደርጎ ታይተናል። እኔ ራሴ ልጄን ይዤ ከአገር ቤት ስመለስ፣ አንድ የኬላ ሠራተኛ በልጄ ፊት «ይህ ልጅ ያንቺ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትን ልጅ! ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን አልረሳውም።

ለሽማግሌው የመለስኩላቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። እንግሊዞች ራሳቸው የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ኖርማኖች በ1066 ከፈረንሳይ መጥተው አገሩን ከመያዛቸው በፊት ሰው በአንድ ስም ነበር የሚጠራው። የቤተሰብን ስም ማውረስ የጀመሩት መጀመሪያ ባለ ርስቶቹ ናቸው። ተራው ሰው ዘንድ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። እስከ 1400 ድረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ ያዘ፤ የሰሜኑ ሕዝብ፣ ማለትም የእኛው ጎረቤቶች፣ ከዚያም ዘገዩ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። እዚህ አገር ብዙውን ስም ያጸናው የርስት ጸሐፊና ግብር ሰብሳቢ ነው። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 በነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። የምዕራብ ዮርክሸር የ1379 መዝገብ ዛሬም አለ። ውስጡ ምን አለ? የዮሐንስ ልጅ ዊልያም የሚል አለ። የአዳም ልጅ ሮበርት የሚል አለ። እንደ እኛ!

መርጋትሮይድ የሚባለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል፤ የሃሊፋክስ አካባቢ ስም ነው። በ1371 ዋርሊ በምትባል መንደር አንድ ሰው ተሾመ። የእኛን ጭቃ ሹም የመሰለ ሹመት ነው። መዝገቡ ላይ ዮሐንስ ዘመርጋትሮይድ ተብሎ ተጻፈ፤ የቦታው ስም ነው። ከዚያች ከአንዲት ቦታ ተነሥቶ ስሙ ዛሬ ካናዳና አውስትራሊያ ደርሷል። በ1881 ቆጠራ ላይ የተመሠረቱትን የስም ካርታዎች ብታዩ ግን ብርቅ ስሞች ከተነሡበት መንደር ብዙም አልራቁም። ፋብሪካው ወደ ሊድስና ወደ ብራድፎርድ ሳባቸው፤ የቀረው ባለበት ቀረ። ዛሬም ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው።

ዌልስን ተመልከቱ፤ ከዚህ በመኪና ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። የዌልስ ሰው በአባቱና በአያቱ ስም ነበር የሚጠራው፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እየተባለ። ልክ እንደ እኛ ቆጠራ። ከ1536 ጀምሮ አገሩ በእንግሊዝ ሕግ ሲጠቃለል ባላባቶቹ ስማቸውን ማርጋት ጀመሩ። ሕዝቡ ተከተለ። የሪስ ልጅ ፕራይስ ሆነ። የሃውል ልጅ ፖወል ሆነ። ዛሬ ፕራይስ የሚባለውን ሰው ሰርኔም የለህም የሚለው የለም። አይስላንድ ደግሞ እስከ ዛሬ በአባት ስም ነው የምትጠራው። የአይስላንድን ሰው ጉድለት አለብህ የሚለው ማን ነው?

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። ተስማማሁ አላሉም። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ የዚያችን የልጅቷን ትውልድ ልፈልግ አሉ። እሰየው አልኩ። አሁን ድረስ እየፈለግን ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ይህን ሁሉ የምላችሁ፣ የእንግሊዝ ስም የያዘ ሰው የአገሩ ባለቤት፣ የእኛን ስም የያዘ ልጅ ደግሞ እንግዳ ነው የሚለውን ነገር አልቀበልም ለማለት ነው። አልቀበልም! ያ የዮርክሸር ስም ቢያንስ ለ200 ዓመት የአፍሪካን ዘር ተሸክሞ ኖሯል። ማንም ከየት መጣህ አላለውም። ለምን? ስሙ ስላልተለየ። የእኛን ልጅ ግን ሊድስ ተወልዶ፣ በሊድስ አነጋገር እያወራ፣ ስሙን ሲያዩ «እሺ፣ ግን በትክክል ከየት ነህ?» ይሉታል። ሥራ ሲያመለክትም እንዲሁ ነው። በ2019 የኦክስፎርድ ናፊልድ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለእውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታዎች ከ3,000 በላይ ማመልከቻ ላኩ። ትምህርቱ አንድ፣ ልምዱ አንድ፤ ስሙና ስሙ የሚያመለክተው ትውልድ ብቻ ተለየ። የአናሳ ማኅበረሰብ ስም ያለው ሰው ያንኑ ያህል ምላሽ ለማግኘት 60 በመቶ የበለጠ ማመልከቻ መላክ ነበረበት። ስድሳ በመቶ! ይህ ጉድለት የማን ነው? የስሙ ነው ወይስ የአንባቢው?

ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በ1873 አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የቤተሰብ ስሞች ለምን ይጠፋሉ? ሄንሪ ዋትሰን የሚባሉ ቄስ ስሌቱን ሠሩለት፤ በ1874 አብረው አሳተሙት። መልሱ ዕድል ነው። አንዱ ሴቶች ልጆች ብቻ ይወልዳል፣ ሌላው ሳይወልድ ይሞታል፤ ስሙ ይጠፋል። ብርቅ ስም ብርቅ የሆነው የተሻለ ደም ስላለው አይደለም። ይኸው ጋልተን ነው እንግዲህ፣ ይህን በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ በ1883 ለሰው ዘር ምርጫ ትምህርት ዩጀኒክስ የሚለውን ስም ያወጣው። ሰውን እንደ ከብት ላርባ፣ ጥሩውን ዘር ላብዛ የሚለው ትምህርት ነው። ያ ትምህርት ስንት ሕዝብ እንዳስፈጀ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስም እያየ ዘር የሚለይ ሰው ሲገጥመኝ ዝም አልልም። እናንተም ዝም አትበሉ። ልጆቻችሁ ፊት በተለይ ዝም አትበሉ።

የኛው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የሞተው በዚሁ ከተማ፣ ሄዲንግሊ ውስጥ ነው፤ በ1879፣ በ18 ዓመቱ። ስሙን የሚያወርሰው ልጅ አላገኘም። አፅሙ ዊንዘር ነው፤ በ2023 ይመለስልን ብንል እምቢ ተብለናል። ስሙን እንኳን ልጆቻችን አስተካክለው ይጥሩት።

እናቶችን ሳልጠቅስ አልወርድም። ዋይ ክሮሞሶም የአባትን ብቻ ነው የሚናገረው። የዚያ አፍሪካዊ የልጅ ልጆች ሁሉ እናቶችም ነበሯቸው፤ የእነሱን ስም ያ የቤተሰብ ስም አልያዘም። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም። እዚህ ደርሰን ለቅጽ ሲባል የምንጥለው ለምንድን ነው?

ስለ ሕጉ በአጭሩ። እንግሊዝ አገር ልጅ የግድ የአባቱን ስም ይያዝ የሚል ሕግ የለም። የአያቱንም፣ የእናቱንም፣ ሁለቱንም አድርጋችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ጸሐፊዋ እንዲህ ነው የሚሞላው ብትላችሁ እኛ የመረጥነው ይህ ነው በሉ። ምዝገባው በ42 ቀን ውስጥ ስለሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በላቲን ፊደል አጻጻፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የወንድምና የእህት አንድ ዓይነት ይሁን። አንዴ ከተመዘገበ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። ስትጓዙ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ።

በቅርቡ ልጅ የምትጠብቁ፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ ከዝግጅቱ በኋላ ቡናው ጋ አግኙኝ። ቅጹን ይዤ መጥቻለሁ፤ አብረን እናየዋለን። የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን ስም እስከምታውቁት ድረስ የምትጽፉበት ወረቀትም አለ። እነ እማማ፣ እነ ጋሼ፣ ማየት ቢያስቸግራችሁ እናንተ ንገሩን፤ ልጆቹ ይጽፋሉ።

አመሰግናለሁ። መልካም አዲስ ዓመት።